የአሜሪካ ኮንግረስ የኮሚቴ ሰብሳቢ ዘመን መቼ እንደሚያበቃ እንዴት ይሰላል?

ኢትዮጵያን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ወይም የውሳኔ ሐሳብ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት በኮሚቴ ማለፍ አለበት፤ በኮሚቴው ውስጥ ደግሞ የትኛው ሰነድ በየትኛው ቀን ለውይይት እንደሚቀርብ የሚወስነው ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢው አጀንዳ ካላደረገው፣ በርካታ አባላት በድጋፍ የፈረሙበት ረቂቅ እንኳ ብዙውን ጊዜ የኮንግረሱ ዘመን እስኪያልቅ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። በልዩ ልዩ ግዛቶች የሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ጉልበታቸውን ከአንድ ሰብሳቢ ጋር በመቀራረብ ላይ የሚያፈስሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ብዙዎቹ የማያሰሉት ግን ያ ሰብሳቢ ወንበሩ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ነው።

ኤፕሪል 10 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምክር ቤቱ በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት አያያዝ ላይ ያተኮረውን የውሳኔ ሐሳብ ኤች አር 128 ሲያጸድቅ፣ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሰብሳቢ የካሊፎርኒያው ኤድ ሮይስ ነበሩ። ሮይስ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታውቀው ነበር። ይህ ለአንዳንዱ ደራሽ ዜና ይምሰል እንጂ፣ ቢወዳደሩና ቢያሸንፉም እንኳ የሰብሳቢነት ዘመናቸው በፓርቲያቸው ደንብ መሠረት በጃንዋሪ 2019 የሚያበቃ መሆኑ ወንበሩን ከያዙበት ከ2013 ጀምሮ በጣት ተቆጥሮ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር። በዚያ ጊዜ ኤች አር 128ን የደገፈም ሆነ የተቃወመ ማኅበር፣ ከመጽደቁ በኋላ ክትትሉን ከማን ጋር እንደሚቀጥል አስቀድሞ ማሰብ ይችል ነበር። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ የፓርቲ ደንብ ማንበብን፣ ከዚያም የኮንግረስ ዘመናትን በትክክል መቁጠርን ብቻ ይጠይቃል።

ደንቡ የተጻፈበት ቦታ

የሥራ ዘመን ገደብ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ወደ ሕገ መንግሥቱ ይሄዳል። እዚያ የለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ምንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን የአሠራር ደንብ እንዲያወጣ ብቻ ይፈቅዳል። ገደቡ የመጣው ሪፐብሊካኖች ከአርባ ዓመት አናሳነት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤትን በያዙበት በጃንዋሪ 1995 ነው። አፈ ጉባኤው ኒውት ጊንግሪችና ባልደረቦቻቸው በመጀመሪያው ቀን ባጸደቁት ደንብ፣ ማንም ሰው የአንድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ከሦስት ተከታታይ የኮንግረስ ዘመናት፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይቆይ ወሰኑ። ከዚያ በፊት ወንበሩ በአገልግሎት ብዛት የሚገኝና ብዙውን ጊዜ እስከ ጡረታ የሚያዝ ነበር፤ ለምሳሌ ጆን ዲንግል የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴን ከ1981 እስከ 1995 ድረስ ያለማቋረጥ መርተዋል። በዚያው የ1995 ደንብ አፈ ጉባኤውም ከስምንት ዓመት በላይ እንዳያገለግል ተገድቦ ነበር፤ ይህኛውን ግን ሪፐብሊካኖቹ ራሳቸው በ2003 ሠርዘውታል፣ የሰብሳቢዎቹን ሳይነኩ።

የሰብሳቢዎቹ ገደብ በምክር ቤቱ ደንብ ውስጥ የኖረው ግን እየወጣና እየገባ ነው። ዴሞክራቶች በ2009 አወጡት፣ ሪፐብሊካኖች በ2011 መለሱት፣ ዴሞክራቶች በ2019 እንደገና አወጡት። በዚህ ምክንያት ስሌታችሁን በምክር ቤቱ ደንብ ላይ አትመሥርቱ። የረጋው ጽሑፍ የሚገኘው የሪፐብሊካን አባላት ጉባኤ (ኮንፈረንሱ) ለራሱ ባወጣው የውስጥ ደንብ ውስጥ ነው፤ ይህም ፓርቲው አብላጫም ሆነ አናሳ ሲሆን ይሠራል፣ ኮንፈረንሱም በድረ ገጹ ላይ ያትመዋል። የዴሞክራቶች የውስጥ ደንብ ተመሳሳይ የዓመት ገደብ የለውም። እንግዲህ ስለማንኛውም ሰብሳቢ የመጀመሪያው ጥያቄ የየትኛው ፓርቲ አባል ነው የሚል ነው፤ መልሱ ሪፐብሊካን ከሆነ ወደ ቆጠራው ትሄዳላችሁ፣ ዴሞክራት ከሆነ ደግሞ ቆጠራውን ትታችሁ የፓርቲ ውስጥ ምርጫውን ወደ መከታተል ትሄዳላችሁ።

አቆጣጠሩ

የመቁጠሪያው አሐድ ዓመት አይደለም፤ የኮንግረስ ዘመን ነው። እያንዳንዱ የኮንግረስ ዘመን ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ጃንዋሪ 3 ቀን ይጀምርና ሁለት ዓመት ይቆያል። የዘመኑን ተራ ቁጥር ለማግኘት ከጀመረበት ዓመት ላይ 1789ን ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ አንድ ጨምሩ። ለ2025 ስትሠሩት 236 ለሁለት ሲካፈል 118፣ አንድ ሲጨመር 119 ይሆናል፤ ስለዚህ በጃንዋሪ 2025 የተጀመረው 119ኛው ኮንግረስ ነው። ይህን ቁጥር ማወቅ ኮንግረስ ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የቆዩ የኮሚቴ ዝርዝሮችን ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል፤ ድረ ገጹ ሰነዶቹን የሚያደራጀው በዘመን ቁጥር ነውና።

በሪፐብሊካኖቹ ደንብ ውስጥ ሦስት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛው ዘመናቱ ተከታታይ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ገደቡ በየኮሚቴው የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ በአንዱ ኮሚቴ ስድስት ዓመቱን የጨረሰ ሰው በሌላ ኮሚቴ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው፣ የአናሳው ፓርቲ ተጠሪ፣ በእንግሊዝኛ አጠራር ራንኪንግ ሜምበር የሚባለው ሆኖ ያገለገለበት ጊዜም ከሰብሳቢነቱ ጋር አብሮ የሚደመር መሆኑ ነው። አንድ ሪፐብሊካን የሰብሳቢነቱን መዶሻ ከጨበጠበት ቀን ጀምሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው አራት ዓመት ሊሳሳት ይችላል።

ይህን በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ላይ እንየው። የቴክሳሱ ማይክል ማኮል ሰብሳቢ የሆኑት በጃንዋሪ 2023 ነው። ከዚያ ብቻ ብትቆጥሩ እስከ 2029 የሚቆዩ ይመስላችኋል። ነገር ግን ዴሞክራቶች ምክር ቤቱን በያዙባቸው በ116ኛውና በ117ኛው ኮንግረስ፣ ከ2019 እስከ 2023፣ በዚሁ ኮሚቴ የሪፐብሊካኖች ተጠሪ ነበሩ። ሁለት ዘመን በተጠሪነት፣ አንድ ዘመን በሰብሳቢነት፣ በድምሩ ሦስት፤ ስለዚህ በጃንዋሪ 2025 ወንበሩን ለፍሎሪዳው ብራያን ማስት አስረከቡ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ወደ ማኮል ቢሮ የሄደ ማኅበር በእጁ የነበረው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ማኮል ከዚያ በፊት ከ2013 እስከ 2019 የአገር ውስጥ ደኅንነት ኮሚቴን ስድስት ዓመት ሙሉ መርተዋል፤ ያ ግን በሌላ ኮሚቴ ስለሆነ በውጭ ጉዳዩ ቆጠራ ውስጥ አልገባም። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ የፍሎሪዳዋ ኢሊያና ሮስ ሌቲነን ከ2007 እስከ 2011 ተጠሪ፣ ከ2011 እስከ 2013 ሰብሳቢ ሆነው በተመሳሳይ ስሌት ወርደዋል። ሮይስ ግን ሦስቱንም ዘመን ፓርቲያቸው አብላጫ በነበረበት ጊዜ ስለያዙ ስድስቱንም ዓመት መዶሻው በእጃቸው ነበር። ደንቡ አንድ ሆኖ ሳለ አንዷ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ስድስት ዓመት አጀንዳ የማውጣት ሥልጣን አግኝተዋል፤ ልዩነቱን የፈጠረው የምርጫ ዕድል እንጂ የግል ብቃት አልነበረም።

አሁን ወደፊት ቁጠሩ። ማስት በጃንዋሪ 2025 ሲጀምሩ በኮሚቴው ቀደም ያለ የተጠሪነት ዘመን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ 119ኛው፣ 120ኛውና 121ኛው ይቆጠሩላቸዋል፣ የመጨረሻው ገደባቸውም ጃንዋሪ 2031 ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ በየሁለት ዓመቱ በወረዳቸው መመረጥና በፓርቲያቸው መሰየም አለባቸው፣ ፓርቲያቸው አናሳ ከሆነም ቆጠራው ሳይቆም መዶሻው ብቻ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። የአጎዋን ንግድ ነክ ሕግ የሚያየውን የበጀት ገቢና ታክስ ኮሚቴ፣ ዌይስ ኤንድ ሚንስን፣ ከ2023 ጀምሮ የሚመሩት የሚዙሪው ጄሰን ስሚዝ ደግሞ በተመሳሳይ አቆጣጠር ጣሪያቸው ጃንዋሪ 2029 ይሆናል።

በዘመን አጋማሽ የገባ ሰው ሲያጋጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ከጄሰን ስሚዝ በፊት የኮሚቴው መሪ ሪፐብሊካን የነበሩት ኬቨን ብሬዲ ዌይስ ኤንድ ሚንስን የተረከቡት ፖል ራያን አፈ ጉባኤ ሲሆኑ በኖቬምበር 2015 ነበር፤ ከዚያ በሰብሳቢነትና በተጠሪነት እስከ ጃንዋሪ 2023 ቆይተዋል። ተቆራርጦ የጀመረው ዘመን ቢደመርባቸው ኖሮ በ2021 መውረድ ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥም በራሳችሁ ከመደምደም ይልቅ ወደ ኮሚቴው ደውሎ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል፤ ጥያቄው የሚያስቆጣ አይደለም፣ የኮሚቴው ሠራተኞች የአለቃቸውን ቀን ከማንም በላይ ያውቁታል።

በሴኔት ያለው ሪፐብሊካናዊ ደንብ ከዚህ ይለያል። በ1995 ወጥቶ ከ1997 ጀምሮ መቆጠር የጀመረው የሴኔት ሪፐብሊካኖች ደንብ ስድስት ዓመት በሰብሳቢነት፣ ለብቻው ደግሞ ስድስት ዓመት በተጠሪነት ይፈቅዳል፤ ሁለቱ ሰዓቶች አይደባለቁም። የአይዳሆው ጂም ሪሽ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴን ከ2019 እስከ 2021 መርተው፣ ከ2021 እስከ 2025 ተጠሪ ሆነው፣ በጃንዋሪ 2025 እንደገና ሰብሳቢ ሆኑ። በተወካዮች ምክር ቤት ቢሆኑ ሦስቱ ዘመን በ2025 አልቆባቸው ነበር። በሴኔት ግን ከሰብሳቢነት ሰዓታቸው የተነካው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ በኖቬምበር 2026 ለሚወዳደሩበት ወንበራቸው ከተመረጡና ፓርቲያቸው አብላጫውን ከያዘ እስከ ጃንዋሪ 2029 መቀጠል ይችላሉ። የሁለቱን ምክር ቤቶች ሰብሳቢዎች በአንድ ሠንጠረዥ የምታስቀምጡ ከሆነ፣ ለሴኔት ሁለት ዓምድ፣ ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ ዓምድ አድርጉ።

ዴሞክራቶችን በዚሁ መነጽር ብታዩአቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። የኒው ዮርኩ ኤሊየት ኤንግል ከ2013 እስከ 2019 ሦስት ዘመን ሙሉ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ የአናሳው ተጠሪ ከነበሩ በኋላ በ2019 ሰብሳቢ ሆኑ። ሪፐብሊካን ቢሆኑ ኖሮ ልክ መዶሻው ሊመጣላቸው ሲል ከበሩ ይመለሱ ነበር። ኤንግልን ያወረዳቸው የዘመን ገደብ ሳይሆን በ2020 በወረዳቸው በተካሄደው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ መሸነፋቸው ነው። እርሳቸውን የተኩት ግሪጎሪ ሚክስ ከ2021 ጀምሮ በመጀመሪያ በሰብሳቢነት፣ ቀጥሎም በተጠሪነት የኮሚቴው መሪ ዴሞክራት ሆነው ቆይተዋል፤ ለእርሳቸው ሊቆጠር የሚችል የደንብ ቀን የለም።

በአባልነት ላይ የሚጣል ገደብ

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መሪዎቹ ነው። ተራ አባልነት በጠቅላላው አይገደብም፤ አንድ እንደራሴ በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፣ የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝም ለረጅም አሥርት ዓመታት ተቀምጠዋል። ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉት በተለይ ሁለት ናቸው። በተወካዮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት በደኅንነት መረጃ ኮሚቴና በበጀት ኮሚቴ ውስጥ አንድ አባል ከስድስት ተከታታይ የኮንግረስ ዘመናት ውስጥ ከአራቱ በላይ ማገልገል አይችልም፤ ለሰብሳቢውና ለአናሳው ተጠሪ ልዩ ሁኔታ ተቀምጧል። የደኅንነት መረጃው ገደብ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሚቴዎቹ የተቋቋሙት የስለላ መሥሪያ ቤቶች በደሎች በአደባባይ ከተመረመሩ በኋላ በ1976ና በ1977 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ከተቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጋር እየተላመደ እንዳይሄድ ተፈርቶ ነው። ሴኔቱም የስምንት ዓመት ገደብ ነበረው። ይሁንና የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ዘገባ አባላቱ እውቀት እንዲያካብቱ ገደቡ እንዲነሣ መከረ፤ ሴኔቱም በዚያው ዓመት አነሣው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን አላነሣውም። ለማኅበረሰብ ሥራችሁ እነዚህ ሁለት ኮሚቴዎች ብዙም ላያስፈልጓችሁ ይችላሉ፤ አባልነትና ሰብሳቢነት በተለያየ መለኪያ እንደሚለኩ ግን ማወቅ ይገባል። ዘመኑ ያለቀበት ሰብሳቢ ከኮሚቴው አይባረርም፤ ከመካከለኛው ወንበር ተነሥቶ ከጎን ይቀመጣል እንጂ።

ልዩ ፈቃድ

ደንቡ የፓርቲ ደንብ ስለሆነ ፓርቲው ሊያላላው ይችላል። የሪፐብሊካን አመራር ኮሚቴ (ስቲሪንግ ኮሚቴ) ዘመኑ ላለቀበት ሰው ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ፖል ራያን በ2012 መጨረሻ ለበጀት ኮሚቴ፣ ቨርጂኒያ ፎክስ ከ2023 ለተጀመረው ዘመን ለትምህርት ኮሚቴ አግኝተዋል። የቴክሳሱ ጆ ባርተን በ2010 ለኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ ጠይቀው ተከልክለዋል። ከሁሉም የሚያስተምረው የ2024 መጨረሻ ነው፦ የትራንስፖርት ኮሚቴው ሳም ግሬቭስ ከማኮል ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት ቆጠራ ነበራቸው፤ ከ2019 እስከ 2023 ተጠሪ፣ ከ2023 እስከ 2025 ሰብሳቢ። ግሬቭስ ልዩ ፈቃድ አግኝተው ቀጠሉ፤ በውጭ ጉዳይ ግን ማስት ገቡ። በእኔ ግምት ፈቃዱ የሚገኘው ሰውየው ለፓርቲው አመራር ባለው ቅርበትና በእጁ ባለው ያልተጠናቀቀ ትልቅ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያን የሚመለከት ጉዳይ እንዲህ ያለ ፈቃድ ያስገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ስሌታችሁን ፈቃድ እንደማይኖር አድርጋችሁ ሥሩ፣ ከተሰጠ እንደ ትርፍ ቁጠሩት።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ወንበሩን የሚያጣ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ምክር ቤቱንም ጥሎ ይሄዳል። በ2019 ዘመናቸው ሊያልቅ ከነበሩት ውስጥ ከሮይስ ሌላ የፍትሕ ኮሚቴው ቦብ ጉድላት፣ የፋይናንስ አገልግሎት ኮሚቴው ጄብ ሄንሰርሊንግ፣ የሳይንስ ኮሚቴው ላማር ስሚዝና የትራንስፖርት ኮሚቴው ቢል ሹስተር በ2018 ላለመወዳደር ወስነዋል። ስለዚህ የመጨረሻ ዘመኑ ላይ ካለ ሰብሳቢ ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ወንበሩን ቢለቅም ወዳጃችን ሆኖ በኮሚቴው ይቀራል የሚለው ስሌት አይሠራም።

ተተኪውን መለየት

የኮሚቴውን የአባላት ዝርዝር ስትከፍቱ ስሞቹ በአገልግሎት ቅድሚያ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። በአገራችን ልማድ ታላቅ ሳለ ታናሽ አይሾምም ብለን ስለምናስብ ሁለተኛውን ስም ተተኪ አድርገን እንወስዳለን። በሪፐብሊካኖች ዘንድ ይህ አይሠራም። ማስት በ2025 ሲሰየሙ ከእርሳቸው በፊት ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ አባላት በኮሚቴው ነበሩ፤ ጄሰን ስሚዝም በ2023 ሲመረጡ ቀደምቱ የፍሎሪዳው ቨርን ቡካናን ነበሩ። ተወዳዳሪዎቹ ከኖቬምበሩ ምርጫ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአመራር ኮሚቴው ፊት ቀርበው እንደ ሥራ ቃለ መጠይቅ ይጠየቃሉ፤ ለፓርቲው ያሰባሰቡት ገንዘብም፣ ከአፈ ጉባኤው ጋር ያላቸው ግንኙነትም ይመዘናል። በዴሞክራቶች ዘንድ ቀደምትነት አሁንም ክብደት አለው፣ ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የአባላቱ የምስጢር ድምፅ ነው፤ ዲንግል ራሳቸው በኖቬምበር 2008 በሄንሪ ዋክስማን 137 ለ122 ተሸንፈው ወንበራቸውን ያጡት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ተተኪው ማን እንደሆነ ከዝርዝሩ ይልቅ ከአዳራሹ ማየት ይቻላል። የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሬይበርን ሕንጻ በ2172 ቁጥር አዳራሽ ነው፤ የስብሰባዎቹ ቪዲዮዎችም በኢንተርኔት ይገኛሉ። በአፍሪካ ቀንድ ላይ የተካሄደ አንድ ስብሰባ ከፍታችሁ መጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ሰዓት ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የታዩት ብዙዎቹ አባላት የአምስት ደቂቃ ጥያቄያቸውን ጠይቀው ወደ ሌላ ስብሰባ ሄደዋል፤ የስም ሰሌዳው ብቻ ከፊታቸው ቀርቷል። እስከ መጨረሻው የተቀመጠው፣ ሌላው የጠየቀውን ጠቅሶ የሚቀጥለው፣ ከኋላው ያለው ሠራተኛ ወረቀት የሚያቀብለው አባል ማን ነው? ስሙን ጻፉ። ስለ ኢትዮጵያ በበቂ ሁኔታ የሚያውቀው ሰው እርሱ ሊሆን ይችላል፣ ሰብሳቢ ባይሆን እንኳ ንዑስ ኮሚቴ ሊደርሰው ይችላል።

ስለ አፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በጽሑፍ ደረጃ የሪፐብሊካኖች ገደብ ንዑስ ኮሚቴዎችንም ይጠቅሳል። በተግባር ግን ሮይስ ከ1997 እስከ 2005፣ ክሪስ ስሚዝ ከ2011 እስከ 2019 የአፍሪካን ንዑስ ኮሚቴ ስምንት ስምንት ዓመት መርተዋል። የንዑስ ኮሚቴው ስምና የሥራ ድርሻም በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ ከዓለም አቀፍ ጤና፣ ሌላ ጊዜ ከሰብአዊ መብት ጋር ይጣመራል፣ ሌላ ጊዜ ብቻውን ይቆማል። ከ2019 እስከ 2022 መጨረሻ ዴሞክራቷ ካረን ባስ፣ ከ2023 እስከ 2025 ሪፐብሊካኑ ጆን ጄምስ ሲመሩት ቆይተው በ2025 ወደ ስሚዝ ተመልሷል። እዚህ ላይ ከሒሳብ ይልቅ በየጃንዋሪው አዲሱ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሚያወጣውን የንዑስ ኮሚቴ ምደባ መጠበቅ ይሻላል።

ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ

የሰብሳቢው የመጨረሻ ዘመን ከታወቀ በኋላ የሥራው ክብደት የሚያርፈው በምርጫው ዓመት የመጨረሻ ወራት ላይ ነው። ከሴፕቴምበር በፊት ሁለት ወይም ሦስት ዕጩ ተተኪዎችን ለይታችሁ በየወረዳቸው የሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ፈልጉ። የምክር ቤት አባል ቢሮ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት የመኖሪያ አድራሻችሁን ዚፕ ኮድ ነው፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ አሥር ደብዳቤ ከወረዳው የመጣን አንድ መራጭ አያህልም። በቨርጂኒያ ያለ ትልቅ ማኅበር ሊያደርግ የሚችለው ጥሩ ነገር፣ በዕጩው ወረዳ ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ የመስጊድ ጀማዓ አባል ወይም የእድር ዳኛ የራሱን ቀጠሮ እንዲይዝ መርዳትና ወረቀቱን ማዘጋጀት ነው። በዚህ ጊዜ ማኅበራችሁ በ501 ሲ 3 (ከግብር ነፃ በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅትነት) የተመዘገበ ከሆነ ስለ ሕግ መነጋገርና በመጠኑ መወትወት እንደሚችል፣ ለምርጫ ተወዳዳሪ ግን ድጋፍም ገንዘብም መስጠት እንደማይችል አትርሱ። ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ የፖለቲካ ፓርቲ ወክሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ በ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ መሠረት የመመዝገብ ግዴታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ከደብዳቤው በፊት ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የአገራችንን ታሪክ ከአክሱም የሚጀምር ደብዳቤ ማንም አያነበውም፤ የረቂቁን ቁጥር፣ የምትጠይቁትን አንድ እርምጃና በወረዳው ያላችሁን ሰው ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍሩ። ረቂቁ በአሮጌው ኮንግረስ የቀረበ ከሆነ ደግሞ ዘመኑ ሲያልቅ እንደሚሞት አውቃችሁ በአዲሱ ዘመን በአዲስ ቁጥር ማን እንደሚያቀርበው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ክሪስ ስሚዝ በ2006 ያቀረቡት የኢትዮጵያ ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ አልፎ ለምክር ቤቱ ድምፅ ሳይደርስ ዘመኑ አለቀ፤ በ2007 አብላጫው ወደ ዴሞክራቶች ሲዛወር ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ኤች አር 2003 በንዑስ ኮሚቴው አዲስ ሰብሳቢ በዶናልድ ፔይን ቀርቦ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፣ በሴኔት ግን ቀረ። በሁለቱ መካከል ጉዳዩን ያሻገሩት በሁለቱም ወገን ወዳጅ ያፈሩ ሰዎች ናቸው።

ከአባላቱ ይልቅ የኮሚቴው ባለሙያዎች የጉዳዩ ማስታወሻ ናቸው። አብላጫውና አናሳው የየራሳቸው ሠራተኞች አሏቸው፤ የኮሚቴው የሠራተኛ በጀት በልማድ ሁለት ሦስተኛው ለአብላጫው ስለሚሄድ፣ ምክር ቤቱ እጅ ሲቀይር የአንዱ ወገን ቢሮ ይጠባል፣ የሌላው ይሰፋል። በመካከላቸው የሚገኙትን የአፍሪካ ጉዳይ ባለሙያዎች በስም እወቁ፤ አዲሱ ሰብሳቢ የራሱን የሠራተኞች አለቃ ሲያመጣ እንኳ የአካባቢ ባለሙያዎቹን ይዞ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፣ የሄዱትም ብዙዎቹ በሌላ አባል ቢሮ ወይም በሴኔት ብቅ ይላሉ። የአናሳውን ወገን ሰው ችላ ማለት በተለይ ጎጂ ነው፤ ሮስ ሌቲነንም፣ ኤንግልም፣ ማኮልም ወደ ሰብሳቢነት የመጡት ከአናሳው ተጠሪነት ወንበር ነው።

ማኅበሩ በየሁለት ዓመቱ አመራሩን የሚቀይር ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ስሌት በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ እንዳይቀር በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ላይ ይስፈር፦ የኮሚቴው ስም፣ የመሪው ስምና ፓርቲ፣ በተጠሪነት የቆየባቸው ዘመናት ቁጥር፣ በሰብሳቢነት የቆየባቸው፣ ጣሪያው የሚያበቃበት ጃንዋሪ፣ ልዩ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ፣ የሁለቱም ወገን የአፍሪካ ባለሙያዎች ስም፣ በመጨረሻም በዕጩ ተተኪዎቹ ወረዳ ያለን ሰው። ሠንጠረዡ በየጎዶሎው ዓመት ጃንዋሪ መጨረሻ፣ የኮሚቴ ምደባዎች ሲታወቁ፣ እንደገና ይሞላል።